ወንድ ልጅና ዣንጥላ

እኔን ያዳነኝ የአባቴ ሀፍረት ነው። ወንድሜን የገደለው ደግሞ ኩራቱ ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር የአባቴ ወዳጆች ይከፋቸዋል። «አባት ልጁን ይገድላል እንዴ?» ይሉኛል። አይገድልም። የገደለችው ፀሐይ ናት። አባቴ ያደረገው ጠዋት ጠዋት ቀስቅሶ ወደ እሷ መላክ ብቻ ነው።

ሁለታችንም አልቢኖ ሆነን ነው የተወለድነው። እናትና አባቴ ከሸዋ ደጋ ወርደው አዳማ የሰፈሩ፣ ጠይም ከጠይም የተጋቡ ሰዎች ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ሲወለድ አባቴ ታቅፎ ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ አገላብጦ አየውና ምንም ሳይናገር ለእናቴ መልሶ ሰጣት። ሰፈሩ ግን ተናገረ። በዚያን ጊዜ በከተማው በኩል መንገድ የሚሠሩ ፈረንጆች ነበሩ፤ ሐሜቱ ከዚያ አልፎ ለመሄድ አልደከመም። እናቴ አንገቷን ደፍታ ኖረች። ከዚያ እኔ መጣሁ፤ እኔም እንደ ወንድሜ ነጭ። ፈረንጆቹ መንገዱን ጨርሰው አገራቸው ከገቡ ቆይተው ስለነበር ሐሜቱ የሚይዘው አጣ። የእናቴን ስም ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ውለታዬ ግን እስከ ዛሬ ያመሰገነኝ የለም።

አባቴ ስለ ወንድሜ አንድ ነገር ወሰነ፣ ስለ እኔ ደግሞ ሌላ። ወንድሜ የመጀመሪያ ልጁ ነው፣ ያውም ወንድ፤ ስለዚህ ከማንም ልጅ እንደማያንስ ለሰፈሩ ሊያሳይ ቆረጠ። የሰው ልጅ ቀትር ላይ ኳስ ከተጫወተ የእሱም ይጫወታል። የሰው ልጅ ባዶ ራሱን ከሄደ የእሱም ይሄዳል። እኔ ግን ሴት ነኝ። ሴት ልጅ የምትታየው ልትዳር ነው፣ እኔን ደግሞ ማን ያገባኛል? እንግዳ ሲመጣ «ግቢ» ይለኛል። እገባለሁ። መጋረጃው ተጋርዶ፣ ጓዳ ቁጭ ብዬ እንግዳውን በድምፁ አውቀዋለሁ። ከዘመዶቻችን መካከል ቤታችን ውስጥ ሴት ልጅ መኖሯን ትምህርት ቤት ስገባ ያወቁ አሉ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ለእኔ የደገሰልኝ ጨለማ ክፍል ነበር።

አባቴ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ አካባቢ የደረሰ ማሳ ከገበሬ ይገዛል፣ ያስነቅላል፣ በአይሱዙ አስጭኖ አዳማ ያስገባል። ወንድሜ ትምህርት ሲዘጋ አብሮት መውጣት ጀመረ፤ ቆይቶ ትምህርቱን ጭራሽ ተወው። ጥፋቱ የዓይኑ ነው። የእኛ ዓይነት ሰው ዓይኑ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ሩቅም አያይም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ለእሱ ጭስ ነበር። መምህሩ ዓይኑ ሲንቀዋለል እያየ የሚያሾፍበት ይመስለውና ይመታዋል። የእኔም ዓይን ያው ነው፤ ግን ጓዳ ውስጥ የሚያጣድፈኝ ሰው ስላልነበር መጽሐፉን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ አነብ ነበር። እሱ ከትምህርት ቤት ወደ ማሳ ሲወጣ እኔ ከጓዳ ወደ ትምህርት ቤት እወጣ ጀመር።

ማምሻውን ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ፣ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይገባል። አፍንጫው ላይ የተላጠውን ቆዳ በጥፍሩ ያነሳና ወደ እኔ ይወረውረዋል።

«እንቺ አይጧ፣ ከቡልቡላ ያመጣሁልሽ ነው» ይለኛል።

ጉድጓድ ውስጥ ስለምኖር ነው አይጥ ያለኝ። በእሱ ቤት ስድብ ነው፤ እኔ ግን ውጭ ከሚሉኝ ሁሉ እመርጠው ነበር። ከዚያ ያየውን ያወራኛል። የአብጃታ ሐይቅ ዳርቻ ምን ያህል ነጭ እንደሆነ፣ ቀትር ላይ ከሥር የሚመጣው ብርሃን ከላይ ከሚመጣው እንደሚብስ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአይሱዙው ሞተር ድምፅ እየተመራ እንደሚሄድ ይነግረኛል። እኔ የምሰማው ሌላ ነበር። ነፋሱን፣ ሐይቁን፣ መንገዱን ነበር የምሰማው። ቀናሁበት። ፀሐይ የበላችውን ፊቱን እያየሁ ቀናሁበት።

ጠዋት እናቴ ፊቱን፣ ጆሮውንና ማጅራቱን ቫዝሊን ትለቀልቀዋለች፤ እንዳይደርቅ ብላ። አብረቅርቆ ይወጣል፣ ተጠብሶ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ እሬት ትቀባዋለች። አንዳንዴ ፈራ ተባ እያለች «ዛሬስ ይረፍ» ትላለች። አባቴ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ፣ ቀና ሳይል ይመልስላታል።

«ይለምደዋል።»

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ጆሮው ውሃ ሲቋጥር ይለምደዋል። ከንፈሩ ተሰንጥቆ እንጀራ መጉረስ ሲያቅተው ይለምደዋል። እኔ እንዳየሁት ነገሩን የለመደው አባቴ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ አዳሚ ቱሉ ያለ አንድ ገበሬ፣ ሽንኩርቱን የሸጠለት ሰው፣ አባቴን ወደ ጎን ጠርቶት ነበር። ይህን የነገረኝ ወንድሜ ራሱ ነው፣ እየሳቀ። ገበሬው በኦሮምኛ «አዱን ኢሳ ኛቻ ጅርቲ» አለው። ፀሐይዋ እየበላችው ነው ማለቱ ነው። አባቴ ኦሮምኛ አሳምሮ ይችላል፤ ሲነግድበት ነው የኖረው። ያን ዕለት ግን አልገባኝም ብሎ ወደ ጭነቱ ተመለሰ።

እናቴ እንደ ምንም ጨክና አንድ ነገር አደረገች። ወለንጪቲ ገበያ ሄዳ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ገዝታ አመጣችለት፤ ጫፉ ትከሻ ድረስ የሚደርስ። ወንድሜ አጥልቆት ወጣ። ማሳው ጋ ሲደርሱ አባቴ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አንስቶ፣ ወፍ እንዲያባርር ቲማቲም መሃል ለተተከለው የጨርቅ ሰው አጠለቀለት። ሠራተኞቹ ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ማሳ ላይ ጥላ የነበረው የጨርቁ ሰው ብቻ ነው።

ወንድሜ ለምን እንቢ አላለም የሚል ሰው አይጠፋም። አባቱ ከሰው ሁሉ መርጦ ከጎኑ ያስቀመጠው ልጅ እንዴት እንቢ ይላል? አባቴ ደላላ ፊት ትከሻውን ይዞ «ልጄ ነው፣ ከነሐስ የጠነከረ» ይለው ነበር። እኔን አንድ ቀን ትከሻዬን ይዞኝ አያውቅም። ወንድሜ ያችን የትከሻ መያዝ ለማግኘት ቆዳውን ከፈለ። ርካሽ መስሎት ነበር፤ ጎርፍ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እኔን ወደ ውጭ ያወጣችኝ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ናት። ከወሎ የመጣች፣ ምላሷ የተሳለ፣ ባሏ ጭነት መኪና የሚነዳ ሴት ናት። ክሬምና ሽቶ፣ የፀጉር ቅባትና ሻሽ ትሸጣለች። ትምህርቴን ስጨርስ ሥራ የሚሰጠኝ እንደሌለ ታውቅ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ አስገባችኝ። የመጀመሪያ ቀን ጥቁር፣ ወፍራም ዣንጥላ ሰጠችኝ።

«አንች ልጅ፣ ይች ፀሐይ ጠላትሽ ናት» አለችኝ። «ጠላት ደግሞ ፊት ለፊት አይገጥሙትም፣ ተሸፋፍነው ነው የሚያልፉት። ያለዚህ ዣንጥላ ሱቄ ብትመጭ ወላሂ አላስገባሽም።»

አባቴ ይከለክለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከለከለኝም። በዣንጥላው፣ በረጅሙ እጅጌ፣ በሻሹና በጥቁሩ መነጽር መካከል ከእኔ የሚታይ ነገር አልቀረም፤ ለእሱ ጓዳዬን ተሸክሜ መንገድ እንደ መውጣት ነበር። እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም።

ስለዚያ ሱቅ ሳስብ አሁንም ያስቀኛል። አዳማ ውስጥ ቀልቶ መታየት የማይፈልግ ሴት ጥቂት ናት። መደርደሪያችን ከላይ እስከ ታች ፊት የሚያቀላ ክሬም ነው። ማድያት ያለባት ትመጣለች፣ ሠርጓ የደረሰ ትመጣለች፣ ባሏ ሌላ የለመደባት ትመጣለች። ክሬሙን ተቀብተው ፊታቸው ሲሳሳ ፀሐይ ታገኛቸዋለች፤ ይቀላሉ፣ ያብጣሉ፣ ከዚያም ከበፊቱ ብሰው ይጠቁራሉ፤ እንደገና ክሬም ፍለጋ ይመጣሉ። አንዷ ፊቴን ትኩር ብላ አይታ «አንቺ የትኛውን ነው የምትቀቢው?» ብላኛለች። ከእናቴ ማህፀን ያመጣሁት ነው፣ አልቋል፣ አልኳት። ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት ግን አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር፣ ታች ጥግ ላይ፣ አቧራ የጠጣ፣ ጊዜው ያለፈበት። የሚጠይቅ የለም። እኔ እሱን እያየሁ የሚያቀላውን ስሸጥ እውል ነበር።

አዳማ ውስጥ ቀትር ላይ ሴት ሁሉ ዣንጥላ ትይዛለች። ወንድ ግን አይይዝም። ዝናብ ሲሆን ይይዛል፤ ለፀሐይ ግን ያፍራል። ቄስ ይይዛል፣ የደከሙ ሽማግሌ ይይዛሉ፣ ለሙሽራ ይያዝላታል። ጎረምሳ ዣንጥላ ይዞ ከታየ ሰፈሩ አንድ ሳምንት የሚስቅበት ያገኛል። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ እንደ ተጻፈው ሕግ ግን የሚጥሰው የለም።

አንድ የበጋ ቀን ወንድሜ ሱቅ መጣ። ጆሮዎቹ አብጠው ውሃ ቋጥረዋል፤ የአንዱ ጠርዝ ፈንድቶ ደም ሸሚዙ አንገት ላይ ደርቋል። ሲገባ ቀልዶ ነው የሚገባው፤ ያን ቀን አልቀለደም።

«ዣንጥላሽን አውሺኝ» አለኝ። «እስከ ማራገፊያው ብቻ። እንደ ደረስኩ አጥፌ እይዘዋለሁ።»

ሰጠሁት። ዘርግቶ ወጣ። የሽንኩርት ማራገፊያው ከሱቁ ብዙ አይርቅም፤ አባቴ፣ ደላሎቹና ጫኞቹ እዚያ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። የእኔ ዓይን እዚያ ድረስ አይሄድም። በሩ ላይ ቆሜ የማየው ጥቁር ክብ ነገር ሲራመድ ብቻ ነበር። ቀሪውን እያየች የነገረችኝ ባለ ሱቋ ናት።

አንዱ ጫኝ ከሩቅ አይቶት «እልል በሉ፣ ሙሽራዋ መጣች» አለ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ተነስቶ እያጨበጨበ የሙሽራ ዘፈን ጀመረለት። ወንድሜ ወዲያው ቢያጥፈው ኖሮ ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። ግን አላጠፈውም። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ጆሮው እጅግ አሞት ይሆናል፣ ምናልባት አንድ ቀን እንኳ አባቱ ከእሱ ጎን ይቆም እንደሆነ ሊያይ ይሆናል። እንደተጠለለ አባቴ ፊት ድረስ ሄደ።

አባቴ ተነሳ። ዣንጥላውን ከእጁ ተቀበለው፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበረው።

«ዣንጥላ የሚይዝ ወንድ ቄስ ነው» አለው። «አንተ ቄስ ነህ?»

ወንድሜ ሳቀ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከሳቁበት ጋር አብሮ ሳቀ። ማምሻውን ስብርባሪውን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና «ይቅርታ አይጧ» አለኝ። በማግስቱ ባለ ሱቋ ሌላ ዣንጥላ ሰጠችኝ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ዣንጥላ ነክቶ አያውቅም፤ ዝናብ ሲዘንብም እየበሰበሰ ነበር የሚገባው።

ከንፈሩ ላይ አንዲት ቁስል የወጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። ከታችኛው ከንፈሩ ጠርዝ ላይ፣ ምስር የምታህል። እናቴ አይታ «ምች ነው» አለች። ጥብስ በልቶ፣ አፉን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ነው፣ አለች። ጎረቤቱም መጥቶ አየ፣ ምች ነው አለ። ዳማ ከሴ ተቆረጠ፣ ታሸ፣ ጭማቂው በአፍንጫው ገባ፣ ከንፈሩ ላይ ተጨመቀ። ቁስሏ ደርቃ ቅርፊት ሠራች። እናቴ «አላልኩም?» አለች። ቅርፊቷ ወደቀች፣ ቁስሏ ተመለሰች። ደግሞ ዳማ ከሴ። እንዲህ እየደረቀች እየተመለሰች ወደ ሽምብራ አደገች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ምች ማለት በእኛ አገር ፀሐይ የምትመታው ነው። ስለዚህ አጥፊዋን ያውቋት ነበር። ስሟን እየጠሩ ነበር። ልጁን በየቀኑ ወደ አጥፊዋ እየላኩ፣ ሲመለስ በቅጠል ያሹታል። ስልኬን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ ያነበብኩትን ነገርኳቸው፤ የማይድን የከንፈር ቁስል፣ የእኛ ዓይነት ቆዳ፣ ካንሰር። ካንሰር የሚለውን ቃል ስጠራ እናቴ አማተበች፣ በአፌ ላይ እጇን ጫነች። አባቴ «ይህ ከስልክ የተማርሽው ሐኪምነት ነው» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እነሱም ምቻቸውን አልለቀቁም።

ወንድሜን ለብቻው ያዝኩት። «ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«ሽንኩርቱ ደርሷል» አለኝ። «አባባ ብቻውን ነው።»

«ከንፈርህ እየተበላ ነው።»

«ስስቅ ነው የሚያመኝ» አለ። «አልስቅማ።»

ሽንኩርቱ ተነቀለ፣ ሌላ ሽንኩርት ደረሰ። ቁስሏ ከንፈሩን አልፋ ወደ አገጩ ስትወርድና ሽታ ሲኖራት ደላሎቹ ከእሱ ጋር ሻይ መጠጣት ተዉ። አባቴ አዲስ አበባ ሊወስደው የተነሳው ያኔ ነው። በሽታው አልነበረም ያስነሳው፤ ሰው ፊቱን ማዞሩ ነው። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። እናቴ ዳማ ከሴውን በፌስታል ይዛ ነበር።

የመረመረችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ረጋ ያለች፣ የማትቆጣ። እናቴ «ምች ነው ያሉን» አለቻት። ሐኪሟ ከንፈሩን፣ ከዚያ ጆሮውን፣ ከዚያ ማጅራቱን፣ ከዚያ አንገቱ ሥር ያበጠውን በጣቷ እየዳበሰች አየች።

«ውጭ ስትሠራ ኮፍያ ታደርጋለህ?» አለችው።

ወንድሜ በቀረው ከንፈሩ ፈገግ አለ። «ነበረኝ፣ ዶክተር። የወፍ ማባረሪያ ወሰደብኝ» አላት።

አልገባትም። አባቴ ግን ገብቶታል፤ ወለሉን ማየት ጀመረ። ሐኪሟ ቀጥላ ለሁላችንም አስረዳች። የሌላ ሰው ቆዳ ውስጥ ጥላ አለ፣ አለች፤ ጥቁረቱ ነው ጥላው። ፀሐይ ለዚያ ሰው አጥንት ታጠነክራለች፣ ብዙም አትጎዳውም። የእኛ ዓይነት ሰው ከውስጥ ጥላ ስለሌለው ከውጭ መያዝ አለበት። ሰፊ ባርኔጣ፣ ወፈር ያለ ረጅም እጅጌ፣ ዣንጥላ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ከተቻለ ቤት ውስጥ። ደመና ቢሆንም ያው ነው። ውሃና ነጭ አሸዋ ደግሞ ብርሃኑን ከሥር ይመልሱታል። ቫዝሊን ምንም አይከላከልም። እናቴ ይህን ስትሰማ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

ከዚያ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን አየች፣ ሻሼን ገልጣ ጆሮዬን አየች። ገረማት።

«አንቺ ንጹሕ ነሽ» አለችኝ። «አንድ ቤት፣ አንድ ከተማ ነው ያደጋችሁት። አንቺን ማን ጠበቀሽ?»

«አባቴ» አልኳት።

አባቴ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ሐኪሟ ፊቷ ሁሉ በርቶ ወደ እሱ ዞረች።

«ጎበዝ አባት ነዎት» አለችው።

«አፍረውብኝ ነው» አልኳት። «እሱን ግን ይወዱት ነበር።»

ወንድሜ ሊስቅ ሞክሮ አመመውና ከንፈሩን በመሐረብ ያዘ። ሐኪሟ ወደ ካርዱ ተመልሳ ረጅም ነገር ጻፈች። እዚህ ላይ ተጸጽቻለሁ ብዬ ብጽፍ ሰው ይወደኛል። አልተጸጸትኩም።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ከንፈሩን ቆረጡለት፣ ከአገጩም ወሰዱ፣ አንገቱ ውስጥ የገባውን ግን መከተል አልቻሉም። ወደ አዳማ ተመለስን። ብርሃን ዓይኑን ስለሚያሠቃየው ከቤቱ ሁሉ ጨለማው ክፍል ተመረጠለት፣ የእኔ ጓዳ። መጋረጃው ተጋረደ። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ሳሎን ውስጥ ያስተናግዳል፤ ወደ ውስጥ አያስገባም። ፊቱ የተቆረጠ ልጅ ለሰው አይታይም። በዚህ ቤት የመደበቅ ተራ ለእሱም ደረሰው።

ከጎኑ ተቀምጬ ሾርባ በቀጭን ማንኪያ አጠጣዋለሁ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ውጭ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ ይሰማል። አንድ ቀን ዙሪያውን ለረጅም ጊዜ አየ። አነጋገሩ ተበላሽቶ ስለነበር ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት።

«አይጧ» አለኝ። «ይህን የመሰለ ቦታ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን በላሽው?»

አብረን ብንበላው እሱም በኖረ ነበር። ማንኪያውን አጥቤ ተመለስኩ፤ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። የሞተው መጋረጃው እንደተጋረደ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው።

የቀብሩ ሰዓት ቀትር ላይ ሆነ። በአዳማ ቀትር ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አቧራው እንኳ የሚነሳበት ነፋስ አጥቶ ይተኛል። የእድሩ ሰው፣ ደላሎቹ፣ ጫኞቹ፣ ያ «ሙሽራዋ መጣች» ያለው ሳይቀር መጥቷል፤ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። ሴቶቹ ዣንጥላቸውን ዘርግተዋል። እኔም ዘርግቻለሁ። አባቴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣ ራሱን ለሐዘን ተላጭቶ፣ ባዶ ራሱን ቆሟል። ላቡ ከመላጣው ወደ ዓይኑ ይወርዳል፤ አይጠርገውም።

ከእድሩ ሴቶች አንዷ ክርኔን ነካ አደረገችኝ።

«ልጄ፣ አባትሽን አስጠልያቸው እንጂ» አለችኝ። «በዚህ ፀሐይ ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ።»

ዙሪያው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከአባቴ ጋር በመካከላችን ያለው ቦታ አንድ ሰው የሚያቆም ነበር። እጄን ብዘረጋ ጥላው ይደርሰዋል። እሱም ሰምቷል፤ ትንሽ ወደ እኔ ዘንበል ሲል አይቻለሁ።

«አባባ ዣንጥላ አይወዱም» አልኳት።

ጮክ ብዬ አልነበረም። ለሚሰማው ሰው ግን በቂ ነበር። ከኋላዬ አንድ ሰው «ጨካኝ» አለ፤ ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። አባቴ ዘንበል ያለውን ትከሻውን መለሰ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። እኔም ጥላዬ ውስጥ ቆሜ እስከ መጨረሻው አየሁት።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሽንኩርት አይነግድም። በየቀኑ ፀሐይ ስትበረታ ወንበሩን ከበረንዳው ያወጣና ግቢው መሃል ያስቀምጠዋል። ባዶ ራሱን ይቀመጣል። ፊቱን ወደ ላይ ያደርጋል። የሰፈሩ ሰው ራሱን እየቀጣ ነው እያለ ያዝንለታል። ባለ ሱቋ ሳትቀር «ተይ በቃው» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ሲገባ ፊቱን እመረምረዋለሁ። የተላጠ ቦታ የለም። የቀላ የለም። ጆሮው ደህና ነው፣ ከንፈሩ ደህና ነው። የተፈጠረበት ጥላ ከውስጡ ነውና ፀሐይዋ አንድ ቀን የወንድሜን ያህል አልነካችውም። ይህ ነው ቅጣት የሚሉት።

ጓዳው ተመልሶ የእኔ ሆኗል። በቀደም ዕለት መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ግቢው መሃል የተቀመጠውን አባቴን እያየሁት ሳለ እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ከንፈሯን ስትመጥ ሰማኋት።

«ሂጂና ግቡ በያቸው» አለችኝ። «እኔን አይሰሙኝም። በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ፀሐይ አይችሉትም።»

«ይለምዱታል» አልኳትና መጋረጃውን መለስኩት።